አፍልቼ ልብላው ወይስ ልጣለው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ቅዳሜ እዚሁ ጅማ ከልኳንዳ ሦስት ኪሎ ሥጋ ገዛሽ፤ ግማሹን ለብ ለብ ክትፎ አድርገሽ ከባለቤትሽና ከአራት ዓመት ልጅሽ ጋር ለምሳ በላችሁ። ማታ ሥጋ ሻጩ ራሱ ደውሎ «የዛሬው በሬ በቄራ ያለፈ አይደለም፤ የቀረውን አትብሉት፣ መልሱልኝ» አለሽ። ዛሬ ጠዋት ልጁን ሁለት ጊዜ አስቀመጠው። አፍልቼ ልብላው? ለውሻ ልስጠው? ሁላችንም የኮሶ መድኃኒት እንውሰድ? ብለሻል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። መናኸሪያው አካባቢ ለ14 ዓመት ምግብ ቤት ይዤ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የምነግርሽም በገዛ እጄ ካበላሸሁት የተማርኩትን ነው።

ከልጁ ልጀምር። ሥጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቃል፣ ልጁ ግን አይጠብቅም። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈራው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃ ነው። ከመድኃኒት ቤት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ግዢና አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪው። ፓኬቱን ከፋፍለሽ በብርጭቆ በግምት አትበጥብጪ፤ መጠኑ ከተዛባ ይጎዳዋል። ባስቀመጠው ቁጥር ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ስጪው፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥዪ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። እሑድ ስለሆነ ፓኬቱን ካጣሽው፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨውን ግን «ትንሽ ልጨምር» እንዳትዪ። ጤና ጣቢያ ሲያዩት ዚንክ ያዙለት ይሆናል፤ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ተቅማጡ ቢቆምም ያዘዙለትን ይጨርሰው።

ጎረቤቶችሽ እስካሁን መጥተው ከሆነ አንዷ «ወተት ማርከሻ ነው»፣ ሌላዋ «የተፈጨ ቡና በማር አቅምሺው» ብላሻለች። እኔም የቡና አገር ሰው ነኝና ቡናን ለመንቀፍ ምላሴ አይታዘዘኝም፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱም የጠፋውን ውሃና ጨው አይተካም። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ለልጅ አይሰጥም። ከቁም ሣጥን የተረፈ አንቲባዮቲክም እንደዚሁ።

ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ትኩሳት፣ የጎደጎደ ዓይን፣ የጠጣውን ሁሉ ማስመለስ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት ወይም ፍዝዝ ማለት ካየሽ ሰዓት ሳትቆጥሪ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። በአንቺ ሁኔታ ግን እነዚህን ምልክቶች እስክታዪ ባትጠብቂ እመርጣለሁ። ያልተመረመረ በሬ ሥጋ በልቷልና ዛሬውኑ አሳዪው። በስንት ሰዓት እንደበላና በስንት ሰዓት እንደጀመረው በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው። ከበላ ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ማስመለስ የጀመረ ሰውና በሁለተኛው ቀን ትኩሳት የያዘው ሰው ሕመማቸው ላይመሳሰል ይችላል። እናንተም ዛሬ ደህና ብትሆኑ ለአንድ ሳምንት ያህል ራሳችሁን ተከታተሉ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጥሬ ቀመስ ሥጋ መብላትሽን ለክትትል ባለሙያዋ ንገሪያት።

አሁን ወደ ሥጋው። «አፍልቼ ልብላው?» ከማለትሽ በፊት ሻጩን «በሬው ለምን በቄራ አላለፈም?» ብለሽ ጠይቂው። ቄራ ውስጥ ባለሙያው በሬውን በቁሙ ያየዋል፣ ከታረደ በኋላም ምላሱን፣ ልቡን፣ የመንጋጋ ሥጋውን፣ ጉበቱንና ሳንባውን ይመረምራል። ያለፈው ሥጋ ላይ የሚመታው ማኅተም ይህን ሁሉ ነው የሚናገረው። ማኅተም የሌለው በሬ ክፍያ ለመሸሽ ጓሮ የታረደ ጤነኛ በሬ ሊሆን ይችላል። ታምሞ ሊሞት ሲል የታረደም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ማቀዝቀዣሽ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በጠረንም በመልክም አትለዪያቸውም። እኔም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አልለይም።

ይህን የምልሽ በዋዛ አይደለም። አንድ ዓመት የሰፈራችን ሰዎች ለበዓል ቅርጫ ሲያስቡ «እግሩ ተሰብሮ ነው» የተባለ በሬ በርካሽ ተገኘ። እኔም ለምግብ ቤቱ ጭምር ብዬ ዘጠኝ ኪሎ ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ቆዳውን የገፈፈው ልጅ ክንዱ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣበት፤ ብዙም ሳይቆይ መሐሉ ጠቆረ። «አያመኝም» እያለ ይስቅ ነበር። እናቱ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ አባ ሰንጋ ነው ተባለ። በጊዜ ስለታከመ ዳነ። የእኔ ዘጠኝ ኪሎ ከሰዓት በኋላ ለጥብስ ሊከተፍ ተዘጋጅቶ ነበር። እስከ ዛሬ «እግሩ ተሰብሮ» ሲባል ስሰማ ሆዴ ይገለበጣል። ስለዚህ የእናንተን ሥጋ በባዶ እጁ የነካ ሁሉ ቁስል የሚመስል ነገር ከወጣበት፣ ባያመውም ይታይ።

ማፍላት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም? ሥጋው በደንብ ሲበስል የኮሶው ትል እጭ ይሞታል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም የሥጋው መሐል 70 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታሉ። ለብ ለብ እዚያ አይደርስም። ክትፎ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፦ ባልተከተፈ ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ ውጪው ላይ ይቀራል፣ ስትከትፊው ግን ውጪው ወደ ውስጥ ይገባል። ሚጥሚጣም፣ ሎሚም፣ ከላይ የሚጠጣው አረቄም አይገድሉትም፤ ባለቤትሽ ይህን ባይወደውም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ድስታችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው። ያም ለተራው ባክቴሪያ ከበቂ በላይ ነው። የአባ ሰንጋ ስፖር (ጀርሙ ሙቀትን የሚቋቋምበት፣ እንደ ዘር ያለ ጠንካራ መልኩ) ግን በተራ ማፍላት ይሞታል ተብሎ አይታመንበትም። አንዳንዱ ባክቴሪያ ደግሞ አስቀድሞ መርዙን ሥጋው ላይ ይተዋል፤ ስታፈዪው ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ይቀራል። ስለዚህ በሬው በቄራ ያላለፈበት ምክንያት እስካልታወቀ ድረስ መልሴ አትብሉት ነው፤ ለሦስት ሰዓት ቢቀቀልም።

ስለ ስፖር ካነሳሁ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለአንድ ሠርግ በትልቅ ድስት የሠራሁትን ወጥ ሌሊቱን ከነክዳኑ ምድጃው ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ለብ አድርጌ በ6 ሰዓት ለምሳ አቀረብኩ። ማታ እንግዶቹ ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛቸው፤ አላስመለሳቸውም፣ ትኩሳትም አልነበራቸውም። ሥጋው ንጹሕ፣ ማኅተም ያለው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ትልቅ ድስት መሐሉ እስኪቀዘቅዝ ሌሊቱ አይበቃውም፤ ከሙቀቱ የተረፈው ስፖር ወጡ ለብ ባለበት ሰዓት ይራባል። ከዚያ ወዲህ ወጥን በጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍዬ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገባለሁ፣ ሳወጣውም እስኪንተከተክ አሞቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ያልተከፈተ ማቀዝቀዣ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው ቅዝቃዜውን የሚይዘው።

ለውሻ አትስጪ። የታመመ ከብት ሥጋ ውሻንም ይጎዳል። በተለይ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ የበላ ውሻ ከኮሶ የተለየ ሌላ ትል ያረባና እንቁላሉን በሰገራው ይበትነዋል፤ ከውሻው ጋር ግቢ ውስጥ የሚጫወተው ደግሞ ልጅሽ ነው። ወደ አዌቱ ወንዝ መወርወርም ሆነ ውሻ ቆፍሮ የሚያወጣው ጉድጓድ ውስጥ መጣል መፍትሔ አይደለም።

ለኮሶው ዛሬ አትቸኩዪ። የበላችሁት እጭ አድጎ ቁርጥራጩ በሰገራ እስኪታይ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስድበታል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣታቸው ከዚህ ጋር ሳይገናኝ አይቀርም። ስለዚህ የዛሬው የልጁ ሕመም ከኮሶ አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ምልክት ካያችሁ ተመርምራችሁ መድኃኒቱን ትወስዳላችሁ።

የቀረውን ሥጋ በእጅሽ ላይ ፌስታል አጥልቀሽ በሁለት ፌስታል ቋጥሪውና ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው አስቀምጪው። ከጎኑ የነበረውን ቲማቲምና ሰላጣ ጣዪው። ሥጋውን በቧንቧ አትጠቢ፤ ፍንጣሪው ገበታውን ሁሉ ያዳርሰዋል። መደርደሪያውን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን አስቀድመሽ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢ፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምረሽ አብሺና እስኪደርቅ ተዪው። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ። የእንጨት መክተፊያሽ የተሰነጠቀ ከሆነ እሱንም አሰናብቺው፤ ሳሙናው ስንጥቁ ውስጥ አይገባም።

ሥጋውን ለሻጩ መመለሱን አልወደድኩትም። ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፤ ደውሎ የነገረሽ እሱ ነው፣ ስንቱ ዝም ይል ነበር። ነገር ግን የተሰበሰበው ሥጋ የት እንደሚደርስ አንቺ አታውቂም፤ ሳምቡሳ ውስጥ የተከተፈ ሥጋ ማኅተሙን ማንም አይጠይቀውም። ሰኞ ጠዋት ለከተማው የእንስሳት ሐኪሞች ወይም ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የምግብ ተቆጣጣሪዎች አስታውቂና የት እንደሚወገድ እነሱ ይንገሩሽ። የገዛሽበትን ሰዓትና የደወለበትን ሰዓት ጽፈሽ ያዢ። ገንዘብሽን ሻጩ ይመልስልሻል፤ ካልመለሰም ለእነሱ ንገሪያቸው።

የልጁን ነገር ግን እስከ ሰኞ አታቆዪው። አሁኑኑ ውሰጂው፤ ማታ ስትመለሱ ሽንቱ ስንት ጊዜ እንደመጣና ሐኪሙ ምን እንዳለ ጻፊልን።