ከሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል፦ ልምድና እርከን

እህቴ፣ «በቅጥር ማስታወቂያ ባልፍ የስድስት ዓመት ልምዴና እርከኔ አብረው ይሻገራሉ?» ላልሽው፦ ልምዱ አዎ፣ እርከኑ (በደረጃሽ ውስጥ ከመነሻው በላይ የደረስሽበት የደመወዝ ጭማሪ) በአብዛኛው አይሻገርም። ሸነን ጊቤ በኦሮሚያ ክልል በጀት፣ ህክምና ማዕከሉ ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በኩል በፌዴራል በጀት ነው የሚተዳደሩት። ስለዚህ አዲስ ቅጥር ከሆነ የደረጃው መነሻ ደመወዝ ነው የሚጻፍልሽ። እርከን ይዞ መሄድ ከፈለግሽ መንገዱ ዝውውር ነው፤ ለዚያ ግን የሁለቱም መሥሪያ ቤት ስምምነት ያስፈልጋል፣ ይዘገያልም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የልምድ ደብዳቤው ላይ ነው። «ነርስ ሆና አገልግላለች» ብቻ የሚል ወረቀት ዋጋ የለውም። የሥራ መደቡ፣ ደረጃው፣ ደመወዙ፣ ከቀን/ወር/ዓመት እስከ ቀን/ወር/ዓመት ይጻፍ፤ ማህተሙ ስሙን እንዳይሸፍነው እዪው። ማስታወቂያው «ከዲግሪ በኋላ» ካለ የዲፕሎማ ዘመንሽ አይያዝም። የሙያ ፈቃድሽ ያልታደሰ ከሆነ ደግሞ ገና ምዝገባ ላይ ነው የሚመልሱሽ። ኦርጅናሉንም የማይመለስ ኮፒውንም ያዢ።

ካለፍሽ በኋላ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ አስገቢ፣ ደብዳቤውንም መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጪው። ያልተከፈለ ዲዩቲ (የተረኝነት ክፍያ) ካለሽ ክሊራንስ (ከዕዳና ከንብረት ነፃ መሆንሽን ማስፈረም) ከመጨረስሽ በፊት ጠይቂ፣ ከወጡ በኋላ ማስከፈል ፈተና ነው። ጡረታው (ያንቺ 7፣ የመሥሪያ ቤቱ 11 በመቶ) እንዳይቋረጥ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ለአዲሱ የሰው ሀብት ክፍል ስጪ።