«ዲስኬ ተንሸራቷል፤ ብንቀሳቀስ ይብስብኛል?»

ጥያቄ፦ የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ከባድ ዕቃ ሳነሣ ወገቤን ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በግራ መቀመጫዬ ወርዶ እስከ ባቴ ይዘልቃል፤ አንዳንዴም የእግሬ አውራ ጣት ይደነዝዛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ «የዲስክ መንሸራተት አለብሽ» ተባልኩና ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ። አንድ ቀን ሄጄ በማግሥቱ ስለባሰብኝ ተውኩት። ዲስኩ የበለጠ እንዳይንሸራተት ብዬ አሁን አብዛኛውን ቀን ወለል ላይ ተኝቼ ነው የማሳልፈው። ሲጠናብኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፤ ካልቀነሰልኝ ኢቡፕሮፌን እጨምርበታለሁ። በዚሁ ሕመም አልጋ ላይ የቀረች ሴት አውቃለሁ። ፊዚዮቴራፒ በእርግጥ ያስታግሳል? ለስንት ቀንስ ነው የሚደረገው?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ቀኑ ብዛት ነው፤ እንቅልፍ የነሣዎት ግን ያቺ አልጋ ላይ የቀረችው ሴት ትመስለኛለች። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። በአንድ እግር የሚወርድ ሕመምና የአንድ ጣት መደንዘዝ፣ ከወገብ የሚወጣ አንድ የነርቭ ሥር እንደተቆጣ የሚጠቁሙ ናቸው። ያማል፣ ያስመርራል፣ ሌሊቱን ያስረዝማል። ነገር ግን ከአልጋ ስለተነሡ፣ በእግርዎ ስለሄዱ ወይም በልክ የተሰጠዎትን እንቅስቃሴ ስለሠሩ ሽባ አይሆኑም።

አሁን ወዳስፈራዎት ቃል እንምጣ፦ «መንሸራተት»። ይህ ቃል ከሐኪሞች አፍ ቢጠፋ ደስታዬ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ወገብ አልጋ ላይ ያዋለው እሱ ነው። ሰው ሲሰማው ዲስኩ እንደ እርጥብ ሳሙና በሁለት አጥንት መካከል የተቀመጠ፣ ጎንበስ ሲሉ ሾልኮ የሚወጣ ነገር ይመስለዋል። ዲስክ አይንሸራተትም። ከበላዩና ከበታቹ ካሉት የአከርካሪ አጥንቶች ጋር አጥብቆ የተያያዘ ነው። ዙሪያው በተደራረበ ጠንካራ ቃጫ የተጠቀለለ ሲሆን መሀሉ እንደ ወፍራም ሙጫ ነው። በእርስዎ ላይ የደረሰው የቃጫው አንድ ጎን ላልቶ ወይም ተሰንጥቆ የመሀሉ ክፍል ወደ ውጭ ማበጡ ነው። በዚያ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ነካው፤ አካባቢውም ተቆጣ። ያበጠው ወይም የወጣው ክፍል ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ሆኖ አይቀርም። ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። እንዲያውም ተገንጥለው የወጡት ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ከትንንሾቹ በተሻለ ይቀንሳሉ።

የኤምአርአዩ ወረቀትም የፍርድ ወረቀት አይደለም። ወገባቸውን ታመው የማያውቁ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ፣ በ40 ዓመት ገደማ ካሉት ግማሽ ያህሉ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ምስሉ የሚነበበው ከሕመምዎና ከምርመራው ጋር ተያይዞ ነው፤ ብቻውን ምንም አይወስንም።

«ዲስክ ይንሸራተታል» ከሚለው የተሳሳተ ሥዕል ነው «ተኝቼ ይርጋልኝ» የሚለው ሐሳብ የሚወለደው። እንደ እርስዎ ሕመሙ ወደ እግር የወረደባቸውን ሰዎች ኔዘርላንድስ ውስጥ ለሁለት ከፍለው የተከታተሉ ሐኪሞች ውጤታቸውን በ1999 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ግማሾቹ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ግማሾቹ የቻሉትን ያህል እየተንቀሳቀሱ እንዲውሉ ተነገራቸው። ከ12 ሳምንት በኋላ በሁለቱም ወገን ከ100 ሰው 87ቱ ተሽሏቸው ነበር። መተኛቱ የጨመረው ነገር የለም። እርስዎ የተኙት ደግሞ ሁለት ሳምንት ብቻ አይደለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ አከርካሪውን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ይሳሳሉ። ዲስኩም የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው እንደ ሰፍነግ ሲጫኑትና ሲለቁት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲተኙ ይህ እንቅስቃሴ ይቀንሳል። ነርቭዎም ከመንቀሳቀስ ይልቅ መጠበቅን ይለምድና ትንሽ ጎንበስ ማለት እንኳ እንደ አደጋ ይሰማዋል። ሕመሙ የጠናባቸው የመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ቀናት ጋደም ማለት ያባት ነው። ከዚያ በላይ ግን ጉዳት ነው። ወለሉንም ይተዉት፤ በጣም ከሚደርቅ መኝታ ይልቅ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ለወገብ ይሻላል። በጎን ተኝተው በጉልበቶችዎ መካከል ትራስ ያድርጉ።

ፊዚዮቴራፒው በማግሥቱ ስላሳመመዎት ማቋረጥዎ ገብቶኛል። ግን በማግሥቱ የሚመጣ ሕመም ሁሉ ጉዳት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጠን ጉዳይ ነው። መለኪያው እንዲህ ነው፦ ከመጀመርዎ በፊት ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። በእንቅስቃሴው ጊዜ በ2 ነጥብ ቢጨምርና በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ቢመለስ መጠኑ ልክ ነው። እስከ ማግሥቱ ከሰዓት ካልተመለሰ ድግግሞሹን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አይተዉት። ከሁሉ በላይ የሚጠበቅ ሌላ ምልክት አለ፦ ሕመሙ ወዴት ይሄዳል? ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገብ ላይ ጨመር ቢልም እንኳ መንገዱ የመዳን ነው። ወደ ታች፣ ወደ እግር ጣት ከወረደ ግን ያንን እንቅስቃሴ አቁመው ለባለሙያው ይንገሩት።

ባለሙያው አይቶ ከተስማማ በዚህ ይጀምራሉ። በሆድዎ ተኝተው ለሁለት ደቂቃ በክርንዎ ይደገፉ። ከዚያ መዳፍዎን ትከሻዎ ሥር አድርገው ዳሌዎን ከመሬት ሳያነሡ ደረትዎን በክንድ ኃይል ብቻ ያንሡ፤ ወገብዎን ልቀቁት። 10 ጊዜ፣ በየ3 ሰዓቱ። ሁለተኛው፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ማንሣት ነው፤ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። ሦስተኛው፣ በእጅና በጉልበት ቆመው ቀኝ እጅና ግራ እግር በአንድ ጊዜ መዘርጋት፣ 10 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ ጎን መቀየር ነው፤ በየጎኑ 5 ጊዜ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲጨንቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሆዱ ይወጠራል፣ ሕመሙም ይጨምራል። ድምፅዎን አውጥተው ይቁጠሩ፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም። የእግር ጉዞውንም በ10 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይጀምሩ፤ በየሁለት ቀኑ 2 ደቂቃ እየጨመሩ 30 ይድረሱ።

ለጠዋቱ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። ዲስክ ሌሊት ውኃ ስለሚጠጣ ከእንቅልፍ በተነሡበት የመጀመሪያ ሰዓት ይወጠራል፤ ያኔ ጫማ ለማሠር ወይም ፊት ለመታጠብ ወገብን አጥፎ መቆየት ይቀሰቅሰዋል። ከአልጋ ሲነሡ በጎን ይዙሩ፣ እግርዎን ወደ ታች ያውርዱ፣ በክንድዎ ተደግፈው ቀና ይበሉ።

ስለ ስንት ቀኑ፦ ባለሙያው ዘንድ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ቤት ግን በየቀኑ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። ሕመሙ የተወዎት ዕለት ማቆም ስህተት ነው፤ ጡንቻው ገና አልጠነከረም። በየጊዜው ሙቀትና የኤሌክትሪክ ንዝረት ብቻ ተሰጥቶዎት፣ የሚሠራ ነገር ሳያስይዙዎት ከላኩዎት ደግሞ ሌላ ባለሙያ ይፈልጉ። እነዚያ ለደቂቃዎች ያቀልላሉ እንጂ ወገብ አይገነቡም።

መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ልቆጣዎት ነው። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አንድ ዓይነት መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ሳይበቃ ሌላውን መደረብ ማስታገሻውን አያጠናክርም፤ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትን ያስነሣል። ከሁለት ወር በላይ ግፊትዎን የለካ፣ ኩላሊትዎን የመረመረ ሰው ከሌለ ይህ ሕክምና ሳይሆን ቁማር ነው። ኢቡፕሮፌኑን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ዳይክሎፌናኩንም ሐኪም ሳያይዎት አይቀጥሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አሁን ራስዎን ይመርምሩ። ግድግዳ አጠገብ ሆነው 10 እርምጃ በተረከዝ፣ 10 እርምጃ በጣት ጫፍ ይሂዱ። ሁለቱንም ከቻሉ ጥሩ ነው። የግራ እግርዎ ፊት አልነሣ ብሎ መሬት የሚመታ ከሆነ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ይይዎት፤ ድክመቱ ድንገት የመጣ ወይም እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን በዚያው ዕለት ይሂዱ። በብልትና በፊንጢጣ ዙሪያ፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ ላይ መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም አለመቆጣጠር፣ ሰገራ ማምለጥ፣ የሁለቱም እግር መዛል ከመጣ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌሊት ቢሆንም አይደሩ። ያ ነው ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረው፤ እሱም የሚያስቀረው ሲዘገይ ነው። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ አንዱም የለም።

እንግዲህ ነገ ወደ ፊዚዮቴራፒስቱ ይደውሉና «የመጀመሪያው መጠን በዝቶብኛል፣ በግማሽ እንጀምር» ይበሉት። ሕመሙ የት ድረስ እንደወረደና ስንት ቁጥር እንደሆነ በየማታው በአንድ መስመር ይጻፉ። በትክክል ሠርተው ከ6 ሳምንት በኋላ ያ መስመር ምንም ካልተለወጠ፣ ደብተሩን ይዘው ወደ ላከዎት ሐኪም ይመለሱ።