መልስ፦ ከቅሬው ጀምሩ
ወንድሜ፣ «ሐይቅ ከተማ ላይ ለአየር ንብረት የሚሠራ የሰፈር ቡድን ልናቋቁም ነው፤ ከየት እንጀምር?» ላልከው፣ አዲስ ማኅበር ምን ያደርግላችኋል? ቅሬያችሁ፣ ማለትም እድራችሁ፣ አለ አይደል? ለቀብር ሰው የሚያሰባስብ ቅሬ ለችግኝ ጉድጓድም አያንስም። እኛ በአቦል ቡና ላይ ነው የተነጋገርነው።

ችግኙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ዓመት በሐምሌ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ሄድን። በጥር ስንመለስ ፍየል ጨርሶታል። የደረቀውን ስንነቅል ደግሞ ሥሩ ከነፕላስቲኩ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል! ወይ ጉድ። ፕላስቲኩን ቅደዱ፣ በእሾህ እጠሩ። ሐይቁ ዳር ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ፤ ወይራና ዋንዛ ይሻላል። ተዳፋት ከሆነ እርከኑ ይቅደም። በልግ እስኪገባ ማን ውኃ እንደሚያጠጣም ከአሁኑ በስም ተከፋፈሉ።