በእንግሊዝኛ ለምትሠሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የእንግሊዝኛ ሰነድ ወደ አማርኛ ስመልስ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቃላቱ ትርጉም እንዲህ ከእጅ ሲያመልጥ ያበሽቀኛል። «ሊትራሊ» ማለት ቃል በቃል፣ ያለ ምንም ማጋነን ማለት ነበር። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው «በሳቅ ሊትራሊ ሞትኩ» ይላል። ታዲያ ነገሩ የምር ሲሆን በምን እንንገረው?

ደግሞ ጥፋቱን በእናንተ ትውልድ ላይ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ይህን የማጋነኛ ፍቺ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ መዝግቦታል። ዛሬ ጥሩ፣ ደስ የሚል ማለት የሆነው «ናይስ» እንኳ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሞኝ ማለት ነበር። ቋንቋው እንዲህ ነው፤ ተናደንም አይመለስም።

የኔ ጭንቀት ሰው የሚጎዳበት ቦታ ላይ ነው። «ኢንፍላመብል» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፣ በነዳጅ በርሜል ላይ ይጻፍ የነበረውን። በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ግን ከፊቱ ያለችው «ኢን» በሌሎች ብዙ ቃላት ላይ አፍራሽ ስለሆነች፣ የማይቀጣጠል ነው ብሎ የሚረዳው ሰው ሞልቷል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ «ፍላመብል» ብላችሁ ጻፉ ማለት የጀመረው። የድሮው ቃል ምንም ስህተት አልነበረበትም፣ ግን በርሜሉ አጠገብ ሲጋራ ሊለኩስ ያለ ሰው መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ትልልቆቹም ተቸግረውበታል። በእንግሊዞች ስብሰባ አንድ ሐሳብ «ቴብል» ይደረግ ከተባለ አሁኑኑ እንወያይበት ነው፣ አሜሪካኖቹ ጋ ግን ይቆይ፣ ወደ ጎን ይደረግ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ትዝታ ላይ እንደሚያወሳው፣ እንግሊዞቹ አስቸኳይ ጽሑፍ አቅርበው «ቴብል እናድርገው» ሲሉ የሁለቱ አገር መኮንኖች ረጅም፣ መራራም ንትርክ ውስጥ ገቡ። በኋላ ሲታይ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር!

ስለዚህ አንድ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ከጠረጠራችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፣ አለቃም ቢሆን። እንግሊዝኛ አይችልም ይሉኛል ብላችሁ አትሸማቀቁ፣ አፋቸውን በቋንቋው የፈቱትም ይጋጩበታል። ክፍያው «ባይዊክሊ» ነው የሚል ውል ከመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ በሳምንት ሁለቴ ነው ወይስ በሁለት ሳምንት አንዴ? ቃሉ ሁለቱንም ይላል። መልሱንም በቃል ብቻ ሰምታችሁ እንዳትመለሱ፣ ቀኑን ጠቅሰው ውሉ ላይ ያስፍሩላችሁ።