መልስ፦ የፕሮፌሰር ሁሴን አህመድን የወሎ ሱፊዎች ጥናት ፈልጌ አጣሁ ላልከው

«ሁሴን» ብለህ ብቻ አትፈልግ። አንዳንድ የውጭ ቤተ መጻሕፍት በአባታቸው ስም፣ «አህመድ» ብለው ሊመዘግቧቸው ይችላሉ። ወሎንም በላቲን ፊደል ስትጽፍ ከደብልዩ ቀጥሎ አንዴ ኦ፣ አንዴ ኤ አድርገህ (Wollo፣ Wallo) ሞክር።

መጀመሪያ በ1985 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን የዶክትሬት ጽሑፍ ያዝ። በ2001 እ.ኤ.አ. ሆላንድ፣ ላይደን የታተመው መጽሐፋቸው ከዚያ የወጣ ነው። በወሎ ስላሉት የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች፣ ስለ ጀማ ንጉሥ፣ ስለ ዳና፣ ስለ ሾንኬ ሼኾች የምትፈልገው እዚያ አለልህ። ደረሳው (የሼኹ ተማሪ) ፊቅህን (የእስልምና ሕግን) ከአንዱ፣ ነሕውን (የዐረብኛ ሰዋስውን) ከሌላው ሼኽ ለመማር አገር ላገር የሚዞርበት ሥርዓት በጣም ደስ ይላል፤ እንዳትዘለው።

አደራ፣ የሂጅራ (የእስልምና አቆጣጠር) ዓመት ስታገኝ ወደ እ.ኤ.አ. ለመለወጥ ዝም ብለህ 622 አትደምር። የሂጅራ ዓመት ከፈረንጆቹ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። 1200 ሂጅራ 1785/86 እንጂ 1822 አይደለም። በዚህ ስሌት የተነሳ ሼኽና ደረሳው ዘመናቸው የተምታታባቸው ጽሑፎች አጋጥመውኛል።