እጅሽ ትንሽ ከሆነ ቃታው ላይ አትቸኩዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለጥበቃ ሥራ ግሎክ 17 ሽጉጥ ገዝተሻል፣ እጅሽ ትንሽ ነው፣ የምትተኩሺው በቀኝ ነው፣ ጥይቱ ሁሉ ወደ ግራ ይሄድብሻል። «ቃታውን ላስቀይር ወይስ ሽጉጡን ልሽጠው?» ነው ያልሽው። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ ታጥቄ ጥበቃ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። እጄ ደግሞ ከባለቤቴ እጅ አይበልጥም፤ ክረምት ላይ ጓንቷን አድርጌ ሥራ ገብቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ችግርሽ የኔም ነበር።

ለጊዜው ቃታውን ተዪው። ሥራው ከእጀታው ጀርባ ነው የሚጀምረው።

ሰው «እጀታው ወፈረብኝ» ሲል ሁለት ነገር ያደባልቃል። አንዱ መዳፍሽ የሚያቅፈው ውፍረት ነው። ሌላው ከእጀታው ጀርባ እስከ ቃታው ፊት ያለው ርቀት ነው። ትንሽ እጅን የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ርቀት ነው። ጣትሽ አልደርስ ሲል ሳታውቂው እጅሽን ታዞሪያለሽ። ያኔ ሽጉጡ ከክንድሽ መስመር ይወጣል፣ ርግጫው በቀጥታ ወደ ክንድሽ መሄዱ ይቀርና የአውራ ጣትሽ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ሃምሳ ጥይት ተኩሰሽ አውራ ጣትሽ ሥር የሚያምሽ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው።

ዛሬ ማታ ይሄን ሞክሪ። ካዝናውን አውጪ፣ አቀባብለሽ ባዶ መሆኑን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። በአውራ ጣትሽና በጠቋሚ ጣትሽ መሃል ያለውን ሥጋ እስከ ላይ ድረስ አስጠግተሽ ያዢው። ሽጉጡ፣ አንጓሽና ክንድሽ አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አፈሙዙን ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ አድርገሽ አሁን ጣትሽን ቃታው ላይ አሳርፊ። ቃታው በጣትሽ ጫፍና በመጀመሪያው መታጠፊያ መሃል፣ ለስላሳው ሥጋ ላይ ካረፈ ሽጉጡ ልክሽ ነው። የጥፍርሽ ጫፍ ብቻ ከነካው ርቆብሻል። አንድ ነገር ደግሞ እይ፦ በጣትሽና በሽጉጡ ጎን መካከል ትንሽ ብርሃን ይታያል? ካልታየ ቃታውን በሳብሽ ቁጥር ጣትሽ ሽጉጡን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር በኮልት 1911 ሽጉጥ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከተዋጋ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ሽጉጡን ሲያሻሽል ቃታውን አሳጠረው፤ ከቃታው ኋላ ያለውን ብረትም ለጣት እንዲመች ጎኑን ፋቅ አደረገው። እስካሁንም ለ1911 ረጅምና አጭር ቃታ ለብቻው ይሸጣል። እኛ አገር የምናውቃት ማካሮቭ እንኳ የራሷ ጠባይ አላት። አጎቴ ከወገቡ የማትለይ አንድ ነበረችው። እጀታዋ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፣ ከኋላ በአንዲት ብሎን ይታሰራል። መዶሻዋ ካልተሳበ የመጀመሪያዋ ተኩስ ቃታ ሩቅም ከባድም ናት፤ ከሁለተኛዋ ጀምሮ ቃታው ወደ ኋላ ይቀርባል፣ ይቀላልም። ሽጉጥሽ እንዲህ ዓይነት ከሆነ የምትለኪው በሩቁ ነው፣ በቅርቡ አይደለም።

ወደ ግሎክሽ ልመለስ። ስንተኛው ትውልድ እንደሆነ አልጻፍሽም። ጄን 3 (ሦስተኛው ትውልድ) ከሆነ ጀርባው አይቀየርም፣ እጀታው ፊት ላይ ያለው የጣት ጉድጓድም የሁሉም ሰው ጣት እኩል ይመስል አንድ ልክ ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር፤ ሻጩ «ከባድ ሽጉጥ አይራገጥም» ብሎ አሳምኖኝ። ሦስተኛ ጣቴ ሁልጊዜ ጉብታው ላይ ነበር የሚውለው። በ2010 የወጣው ጄን 4 ጀርባው ትንሽ ቀርቧል፤ በላዩ የሚገጠሙ ልባሶችም አሉት፣ መካከለኛው 2፣ ትልቁ 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራሉ። «2 ሚሊ ምን ታመጣለች?» እንዳትዪ። ለትንሽ እጅ ከጥፍር ጫፍ ወደ ለስላሳው ሥጋ የምታሻግር ልዩነት ናት። በ2017 የመጣው ጄን 5 ደግሞ የጣት ጉድጓዱን አስቀርቶታል።

ስለዚህ ጀርባውን እይው። ልባስ ተገጥሞበት ከሆነ አንሺው፤ ልባሱን የሚይዘውን ፒን የሚገፋው መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ልብ በዪ፣ ልባስ ሲኖርና ሳይኖር ፒኑ የተለያየ ነው፤ ያለ ልባስ አጭሩ ነው የሚገባው። ያገለገለ የገዛሽ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ትልቁን አድርጎበት ሊሆን ይችላል። የባለቤቴ ወንድም እንደዚያ ነው፤ መዳፉ አካፋ ነው፣ ልባስ ካላደረገ ጣቱ ቃታውን አልፎ ይሄዳል።

ልባሱ ከወጣም በኋላ ካልደረስሽ፣ ያኔ እውነቱን እንነጋገር፦ ግሎክ 17 ላንቺ አልተሠራም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ 2.0 አራት የእጀታ ልክ ይዞ ይመጣል፣ ትንሹን ገጥመሽ ሞክሪው። ግሎክ 43ኤክስና 48 ቀጠን ያሉ ናቸው፣ 10 ጥይት ይጎርሳሉ። ግን መጀመሪያ አለቃሽን ጠይቂ፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት የሚፈቅደው ሞዴል የተወሰነ ነው።

የጎማ ሽፋን አትግዢ። እኔ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ አልብሼዋለሁ፤ አያንሸራትትም፣ ግን ያወፍራል፤ ላንቺ የተገላቢጦሽ ነው። እጀታውን ማስሞረድ የሚሉሽም አሉ። አንድ ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ራሱ ሲሞርድ ከኋላ በኩል በሳው። እጀታው እኮ ውስጡ ክፍት ነው!

ቃታውስ? ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው፣ ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀርቡ አሉ። ለውድድር ጥሩ ናቸው። ለሥራ ሽጉጥ ግን ከፋብሪካው የመጣውን፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሳበውን ባትነኪው እመርጣለሁ። ቃታ ያስቀለለ ጠባቂ አንድ ነገር ቢፈጠር ጠበቃ ፊት ብዙ ያስረዳል።

ወደ ግራ መሄዱን ደግሞ ሁሉንም በእጀታው አታላክኪ። ጓደኛሽ ካዝናው ውስጥ የልምምድ የውሸት ጥይት እየቀላቀለ ይሙላልሽ፣ አንቺ አትይ። ቃታውን ስትስቢ ሳይተኮስ አፈሙዙ ዝቅ ካለ፣ ድምፁን ፈርተሽ ቀድመሽ እየገፋሽው ነው። ያንን ልባስ አያድነውም። እኔን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የያዝሽበትን ፎቶ ከላይ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሽጉጡ ባዶ፣ ካዝናው ወጥቶ፣ ክንድሽ እስከ ክርን እንዲታይ። ውጭ የምትቆሚ ከሆነ ደግሞ አንዱን በጓንት አንሺው። ጥር ላይ ልኩ ሌላ ነው።