ባዮስ አልገባ ያላችሁ፣ ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒዩተር እጠግናለሁ። ሰሞኑን ከየወረዳው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። "ባዮስ ልገባ ብዬ እምቢ አለኝ።" ስለዚህ ዛሬ ስለ ዴስክቶፕ ባዮስ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብያለሁ። ላፕቶፕ ለሌላ ቀን ይቆየን። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬአቸዋለሁ።

ከደብረ ሲና፦ ባዮስ ግን ምንድን ነው? ዊንዶውስ ፎርማት ለማድረግ የግድ እዚያ መግባት አለብኝ?

ባዮስ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ ተነስቶ እሳት እንደሚያያይዝ ሰው ነው። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ይነሳል፣ ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ሃርድ ዲስኩን ያያል፣ ከዚያ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። አዳዲሶቹ ላይ ያለው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ነው። ሰው ሁሉ ግን ባዮስ ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል።

ለፎርማት ብቻ ከሆነ መግባት ላያስፈልግህ ይችላል። ቡት ሜኑ የሚባል ለብቻው አለ። የዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ትሰካለህ፣ ስታበራ የቡት ሜኑውን ቁልፍ ትነካለህ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ትመርጣለህ። አለቀ። የሚሠራው ለዚያች አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሴቲንጉ ላይ ምንም አይቀየርም። ዴል እና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው። ተገጣጥመው በሚሸጡት ላይ የማዘርቦርዱን ስም እይ። ጊጋባይት ኤፍ12፣ ኤምኤስአይ ኤፍ11፣ አሱስ ኤፍ8።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኔ ኤችፒ ነው። ኤፍ2 ንኪ ተብዬ ብነካ ሌላ ነገር መጣ፣ ሃርድ ዲስክ ልፈትሽ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም እህቴ። ኤፍ2 ኤችፒ ላይ የዕቃ መፈተሻውን ነው የሚያመጣው። የነገረሽ ሰው የዴልን ቁልፍ ነው የነገረሽ። የኤችፒ ባዮስ ኤፍ10 ነው። ከጠፋብሽ ደግሞ ኢስኬፕን ደጋግመሽ ንኪ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚከፍት ራሱ ዘርዝሮ ያሳይሻል። ይህን ኤችፒ ላይ እወድለታለሁ።

ለሌሎቻችሁም ልጨምር። ዴል ኤፍ2 ነው። የሌኖቮ ቲንክሴንተር ኤፍ1 ነው። ጊጋባይት፣ ኤምኤስአይ እና አሱስ ማዘርቦርድ ያላቸው ዲሊት ናቸው። አስሮክ ኤፍ2 ወይም ዲሊት። ቁልፉን ተጭናችሁ አትያዙ። የማብሪያውን ቁልፍ እንደነካችሁ በየግማሽ ሰከንዱ ጠቅ ጠቅ አድርጉ፣ እስኪገባ ድረስ። ጽሑፍ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል።

ከመሐል ሜዳ፦ ጋሼ፣ እኔ ቁልፉን አውቀዋለሁ፣ ዴል ነው፣ ኤፍ2 ነው። ግን የቱንም ያህል ብነካው ቀጥ ብሎ ዊንዶውስ ውስጥ ነው የሚገባው። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ መጥቷል፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ኪቦርድህን እይ። ብሉቱዝ ከሆነ እርሳው፣ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ሳይነሳ አይሠራም። ባለ ገመዱን አምጣ፣ ከማሽኑ ሳጥን ጀርባ ባለው ቀዳዳ ላይ ሰካው። ከፊት ለፊት ያሉት ቀዳዳዎች በቀጭን ገመድ ነው ከማዘርቦርዱ የሚገናኙት፣ አሮጌ ማሽን ላይ ያ ገመድ የላላ ወይም ጭራሹን ያልተሰካ ይሆናል። በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል አትሰካ። ክቧን የድሮ ኪቦርድ መሰኪያ ያለው ማሽን ካለህና ኪቦርዱም ካለህ ደግሞ እሱ እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ እንዴት ነው የምታጠፋው? ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ "ሻት ዳውን" ስትል ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። የዊንዶውሱን ከርነል፣ ማለትም ዋና ክፍሉን፣ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ስታበራው ከዚያ ያነሳዋል። "ሪስታርት" ስትል ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ ከዊንዶውስ ውስጥ ሪስታርት በልና ስክሪኑ እንደጠቆረ ኤፍ2ን መንካት ጀምር። በዚህ ብቻ የሚገላገል ብዙ ሰው አለ።

ሦስተኛው ሞኒተሩ ነው። ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ በሚቀይረው ትንሽ አስማሚ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ሞኒተሩ እስኪነቃ ድረስ የባዮሱ ሰዓት ያልፋል። እናንተ የምታዩት ዊንዶውሱን ብቻ ነው። ሞኒተሩን ቀድማችሁ አብሩት። ስክሪኑ ላይ ምንም ባታዩም ቁልፉን ከመንካት አትቦዝኑ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ከዊንዶውስ በኩል ግባ። ሺፍትን ተጭነህ ይዘህ ሪስታርትን ንካ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። "ትራብልሹት"፣ ከዚያ "አድቫንስድ ኦፕሽንስ"፣ ከዚያ "ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ"፣ በመጨረሻ "ሪስታርት"። ራሱ ወስዶ ባዮስ ውስጥ ያስገባሃል፣ ቁልፍ መቀጥቀጥ የለም። ያ ምርጫ ከሌለ ማሽንህ አሮጌ ነው ወይም ዊንዶውሱ በሌጋሲ (በድሮው የባዮስ መንገድ) ተጭኗል ማለት ነው፣ ያኔ ወደ ቁልፉ ትመለሳለህ።

ከሞላሌ፦ መምህር ነኝ። ክረምቱ አልፎ የኮምፒዩተር ክፍሉን ስንከፍት ግማሾቹ ሲበሩ ኤፍ1 ንካ እያሉ ይቆማሉ። ቀኑንም ባዮስ ገብቼ አስተካከልኩ፣ ግን ኢንተርኔት ላይ ድረ ገጾች "ግንኙነትዎ የግል አይደለም" እያሉ አይከፈቱም።

መምህር፣ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደራርቦብዎታል።

የመጀመሪያው ባትሪው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ክብ፣ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት። ሶኬት ላይ ከሆነ ሸክሙን ኮረንቲው ስለሚይዝላት ትቆጠባለች። ትምህርት ቤት ግን ክረምቱን ሙሉ ሁሉም ተነቅሎ ነው የሚከርመው፣ ያረጀችው ባትሪ በዚያ ወቅት ታልቃለች። ለዚህ ነው መስከረም ላይ በአንድ ጊዜ የሚታመሙት። ባትሪዋ ውድ አይደለችም፣ ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ጋም ትገኛለች። ገመዱን ነቅለው፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው፣ ከዚያ አሮጌዋን አውጥተው አዲሷን የመደመር ምልክት ያለበትን ፊት ወደ ላይ አድርገው ያስገቧት።

ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልተውት ይሆን? ባዮስ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። 2018 ብለው ከሞሉ ማሽኑ በፈረንጅ 2018 ላይ ያለ ይመስለዋል። ድረ ገጾች ደግሞ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚሠራ የተጻፈበት የደህንነት ሰርተፍኬት አላቸው። ማሽኑ የዛሬን ሰርተፍኬት ሲያይ "ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው" ብሎ ይከለክላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደምሩ፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን 8። ወሩንም በዚያው ይቀይሩ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ባዮስ ላይ የሚሞላው ባለ 24ቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ 08፡00 ይሙሉ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ከሆነ 15፡00። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ያድርጉት፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

የዚያው መምህር ተጨማሪ ጥያቄ፦ አንዱ ማሽን ላይ ኡቡንቱም (የሊኑክስ ዓይነት) አለ። ከእሱ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይለያያል።

ይኼኛው የባትሪ ጣጣ አይደለም። ሊኑክስ ባዮስ ላይ ያለውን ሰዓት የግሪንዊች አድርጎ ያየዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ የአካባቢው አድርጎ። የእኛና የግሪንዊች ልዩነት 3 ሰዓት ነው። ኡቡንቱ ላይ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል። ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ሁለቱም ቆይተው ራሳቸውን ያርማሉ።

ከአጣዬ፦ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዛሁ። ባዮስ ስገባ ፓስወርድ ይጠይቃል። ባትሪዋን አውጥቼ መለስኳት፣ አሁንም ይጠይቃል።

አስቀድመህ የሸጠልህን ሰው ጠይቅ። ብዙዎቹ ያገለገሉ ማሽኖች ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ሻጩ "የት እንዳገኘሁት አላስታውስም" ካለህ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እኔም ደረሰኝ ሳላይ አልነካውም።

ባትሪ ማውጣት ያረጁት ላይ ይሠራል። ግን ገመዱ ሳይነቀል ባትሪ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። ነቅለህ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነህ፣ ባትሪዋን አውጥተህ ጥቂት ደቂቃ ቆይ። አሁንም ከቀረ ማዘርቦርዱ ላይ ጃምፐር (ሁለት ፒን የምታገናኝ ትንሽ ክዳን) ፈልግ። በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ላይ ለፓስወርድ ብቻ የተለየች ጃምፐር አለች፣ አጠገቧ ተጽፏል። የሞዴሉን መመሪያ ሳታይ ያገኘኸውን ጃምፐር ሁሉ አትንቀል። አዳዲስ የቢሮ ማሽኖች ላይ ደግሞ በዚህ የማይጠፋ ፓስወርድ አለ። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ብር ሳትሰጡ በፊት እዚያው አስበርታችሁ ባዮስ ግቡ።

ከአረርቲ፦ ገብቼ አንዳንድ ነገር ነካክቼ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። አሁን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣና ሪስታርት ያደርጋል። ፎርማት ላድርገው?

ኧረ በፍጹም! ፋይልህ እዚያው ነው። ቀደም ሲል ይሠራ ከነበረ የቀየርከውን ብቻ መመለስ ነው።

ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አንዱ የሳታ፣ ማለትም የሃርድ ዲስኩ ግንኙነት፣ ሴቲንግ ነው፣ ኤኤችሲአይ ወይም ሬይድ የሚለው። ዊንዶውስ ሲጫን በነበረበት ካልሆነ "ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ" ብሎ ይወድቃል። ሌላው ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ ነው። እሱ ሲቀየር ሰማያዊ ስክሪን ሳይሆን "ቡት የሚደረግ ዲስክ የለም" ይላል። አንተ ሰማያዊ ስላልክ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ግባ፣ ወደ ሌላኛው ቀይረው፣ ሴቭ አድርገህ ውጣ።

ሰው ሁሉ "ሎድ ዲፎልት በለው" ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ያድናል፣ ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ዲፎልቱ የፋብሪካው ነው፣ ዊንዶውሱን የጫነው ሰው ግን ሳታውን ቀይሮ ጭኖ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዲፎልት ራሱ ነው ችግሩን የሚያመጣው። እኔ ምንም ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። እዚያ ውስጥ ስትገቡ ለምን እንደገባችሁ እወቁ፣ እሱን ብቻ ቀይሩ፣ የተቀረውን ተውት። ገብታችሁ ግራ ከገባችሁ ደግሞ "ሴቭ ሳታደርግ ውጣ" የሚለውን ምረጡ። ማየት ብቻ ምንም አያበላሽም።

ከዓለም ከተማ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ሌሊት ሁሉ ሲሠራ ያድራል። ማጥፋት ይቻላል?

ይቻላል። ባዮስ ውስጥ የኃይል ክፍሉን ፈልግ። ዴል ላይ "ኤሲ ሪከቨሪ" ይባላል፣ ሌሎቹ ላይ "ከኃይል መቋረጥ በኋላ" በሚል ዓይነት ስም ታገኘዋለህ። ሦስት ምርጫ አለው፦ ጠፍቶ ይቅር፣ ይነሳ፣ ወይም ወደ ነበረበት ይመለስ። "ጠፍቶ ይቅር" አድርገው። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ማሽኑ በዚያ ሰዓት ባይነሳ ለፓወር ሳፕላዩም ይሻላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ባዮሴን አፕዴት ላድርግ? አንድ ቪዲዮ ላይ ፍጥነት ይጨምራል ይላል።

የምትፈታው የታወቀ ችግር ከሌለ ተወው። ለአዲስ ፕሮሰሰር ወይም ለደህንነት ሲሆን ብቻ ነው የማደርገው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የግድ ከሆነብህ ባትሪው ደህና የሆነ ዩፒኤስ ይኑርህ። ስታቢላይዘር አይበቃም፣ እሱ መብራት ሲጠፋ አብሮ ነው የሚጠፋው።

ከአንኮበር፦ ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ቆሟል ተባለ። 11 ልጭን ስል ቲፒኤም የለህም አለኝ። ባዮስ ውስጥ አለ?

አዎ፣ ማይክሮሶፍት በፈረንጆች ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ቲፒኤሙ፣ ማለትም የደህንነት ቁልፎችን የሚይዘው ክፍል፣ ኢንቴል ላይ "ፒቲቲ"፣ ኤኤምዲ ላይ "ኤፍቲፒኤም" በሚል ስም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ክፈተው። ግን አስቀድመህ ፕሮሰሰርህን እይ። ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚቀበለው። ገበያችን ውስጥ የሞሉት 4ኛና 6ኛ ትውልድ ቲፒኤም ቢከፈትላቸውም አያልፉም።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ የአንድሮይድ ኢሙሌተር (የስልክ አፕ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስኬደው) ቨርቹዋላይዜሽን ክፈት ይለኛል።

ኢንቴል ከሆነ "ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ"፣ ኤኤምዲ ከሆነ "ኤስቪኤም" የሚለውን ፈልገህ "ኢኔብልድ" አድርገው። ኤፍ10 ብዙዎቹ ላይ ሴቭ አድርጎ ያወጣል። ከዚያ ታስክ ማናጀር ከፍተህ ፐርፎርማንስ ላይ ሲፒዩ የሚለውን ስትነካ መከፈቱን ይነግርሃል። ተከፍቶም ካልሠራ ራምህን እይ። 4 ጊጋ ከሆነ ኢሙሌተሩን ተወውና በስልክህ ተጫወት።